ስሟን አልጠራሁም

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጥምቀት አለፈ፤ የሠርግ ሰሞን ገባ። ለሰው ደስታ፣ ለእኔ ጭንቅ። የራቤል ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ ዋልኩ። ዘበኛው እንኳ ሳቀብኝ።

ከሰዓት ኮከቤ መጣች። ገብሷን ሸጣ ስትመለስ ብቅ ትላለች። መጀመሪያ በሩን ትዘጋለች፣ ከዚያ ታወራለች። ባሏ ለትልቋ ልጃቸው ሽማግሌ ሊቀበል እያሰበ ነው አለች። ከፋሲካ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ ገና አሥራ አራት ዓመቷ። እኔ እንደነገርኩሽ ካወቀ ትዳሬ አበቃለት አለችኝ። ማንም አይሰማም አልኳት። አመነችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ኃላፊው ጠራኝ። ደብረ ብርሃን ላይ የሶሻል ወርከሮች ጉባኤ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይመጣሉ፤ አንድ የተሳካ ሥራ ታቀርቢያለሽ አለኝ። የተሳካ! በአራት ዓመት የሚያኮራ ሥራ ቢኖረኝ ገሊላ ናት።

የአቶ ወዳጆ ልጅ። አምና ለአንድ መርሐቤቴ ላለ ወዳጁ ልጅ ሊድራት ቆርጦ ነበር። በክርስትናዋ ቀን የገባሁት ቃል ነው፣ አላፈርሰውም ይላል። ሕግ ቢሉት አይሰማ፣ ፖሊስ ቢሉት አይፈራ። መላው ሲጠፋኝ የነፍስ አባቱን መምሬ መርስዔ ኃዘንን ለመንኳቸው። ብቻውን ጠርተው ገዘቱት... አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳትጨርስ ብትድራት ውግዝ ነህ ብለው። ሰውዬው ለጎረቤት «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ልጄ ትማርልኝ» ብሎ አወራ። ተመሰገነም።

ግዝቱን እሱና መምሬ ብቻ ያውቃሉ። ሦስተኛዋ እኔ። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ከዚህ ቤት እንዳትወጣ» ብለውኛል።

ስም አልጠራም። ቀበሌም አልጠራም። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ገሊላ መጣች። ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች። ከደብረ ብርሃን ምን ላምጣልሽ ብላት ዲክሽነሪ አለች። ሌላ ልጅ ቢሆን ጫማ ይል ነበር... መምሬ ዘንድ ዳዊት የደገመች ልጅ፣ ከመጽሐፍ ሌላ ምን ያምራታል?

ዓርብ፣ ጥር 29

ደብረ ብርሃን። አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥለውልኛል። ቀኑን ሙሉ ንግግር፤ ግማሹ አልገባኝም። ምሳው ጥሩ ነበር። ነገ የእኔ ተራ ነው። ዲክሽነሪው ተገዝቷል።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አቀረብኩ። መጀመሪያ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ግዝቱ ላይ ስደርስ ቀና ቀና አሉ። ያኔ ምላሴ ተፈታ። ልጅቷን እንዲወዷት ፈለግኩ... በአጥቢያዋ ዳዊት የደገመች ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ፕሮፌሰር ይህንን ለተማሪዎቻችን ማስተማሪያ እናደርገዋለን አሉ። ፊቴ በርቶ ነበር መሰለኝ።

ሻይ ላይ አንዲት ተማሪ መጣች። አመተሥላሴ ትባላለች፤ እኔም የራቤል ልጅ ነኝ አለችኝ። ሳቅ ብላ «አወቅኋት እኮ» አለችኝ።

ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት።

«ለእናቴ ብቻ ነው የደወልኩት። የእኛ አገር ታሪክ በትልቅ ስብሰባ ተነገረ ብዬ... ደስ ብሏት ልትሞት።»

ምን ልበላት? እሷ ምን አጠፋች? ኮርታ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ። ራቤል ስገባ ሰው ሁሉ እንደወትሮው ሰላም አለኝ። ወይስ እንደዚያ መሰለኝ? በከንቱ ነው የፈራሁት ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

መምሬ ቢሮዬ መጡ። መጥተው አያውቁም። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወዳጆ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በሰው ፊት፣ የነፍስ ልጅነቴ ፈርሷል ብሏቸዋል። ንስሐዬን ለቢሮ ያወጣ ቄስ ግዝቱም አያስረኝም ብሏል። ማክሰኞ ሌላ የነፍስ አባት ይዟል። ሌሎች ቤተሰቦችም መምሬን ትተው ተከትለውት እየሄዱ ነው። እኔስ የነገርኩትን ማን ያውቃል፣ እያሉ።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ወዳጆ እግዜርን ብቻ ፈርቶ አልነበረም የታዘዘኝ። ሰው አላወቀበትም፤ ከራሱ ልብ ያደረገው መስሎለት ነበር። አሁን በቄስ ታስሮ የተቀመጠ ሰው ተባለ። እንዴት ይችለዋል?»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። እናቴ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል ነበር... ለእኔ ነው ለካ።

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ከዚያ ሠርግ የለም። እስከዚያ ልጅቷን ማቆየት ብቻ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ነገ መኪና ስናገኝ አሉኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ትናንት ተዳረች።

መኪናው የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። እኛ ስንደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። ገሊላን ትናንት ከሰዓት ወደ መርሐቤቴ ይዘዋት ሄደዋል። ወዳጆ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው አለ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ማሉለት። አሥራ አምስቷ ነው! ትምህርት ቤቱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ የማሉትም ያውቃሉ። ፖሊሱ ይጣራል ብሎ ጻፈ።

ወዳጆ ላይ ጮህኩ። እሱ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ልጄን እኮ ትቼልሽ ነበር። ለአገር ሁሉ ስታወሪብኝ ማንን አማከርሽ?»

ተመልሼ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

በማላውቀው ስልክ ተደወለ። ገሊላ ናት። የአማቷ ስልክ ነው፤ ውኃ ልትቀዳ ስለወጣች ነው የደወልኩት አለች። ድምጿ ቀጥኗል።

ክሱ ተከፍቷል፣ አስመልስሻለሁ አልኳት። አባቴ ይታሰራል ወይ አለችኝ። ሊታሰር ይችላል አልኩ። እንደዚያ ከሆነ ይቅርብኝ፣ ብትጠይቁኝም አሥራ ስምንት ነኝ እላለሁ አለች።

ከዚያ፦

«እታለም፣ ስሜን አልጠራሽም አይደል?»

አልጠራሁም አልኳት።

«እሱማ አውቃለሁ» ብላ ዘጋችው።

አለቀስኩ። ምን ላድርግ... አለቀስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ከጉባኤው አዘጋጆች መልእክት። ያቀረብኩት ተመርጧል፤ ለተማሪዎች ሊያስተምሩበት ነው። የልጅቷ የአሁን ሁኔታ ይጨመርበት ይላሉ። ያለውን እንዳለ ጻፍኩላቸው። ይህንንም አስተምሩ አልኩ። መልስ የለም።

ዲክሽነሪው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለሌላ ልጅ ልስጠው? እጄ እምቢ አለ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ወር አለፈ፤ በምስጢር የሚያናግረኝ ሰው አልመጣም። ለማኅተም ይመጣሉ፣ ለድጋፍ ደብዳቤ ይመጣሉ፤ ቶሎ ይወጣሉ። መምሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፤ ይባርኩኛል። ከዚያ ያለፈ ቃል የለም።

ዛሬ ቅዳሜ ቢሆንም ቢሮ ነበርኩ፤ ኮከቤን በመስኮት አየኋት። ባዶ ጆንያዋን ጠቅልላ በቢሮው በኩል ታልፋለች። ወጥቼ ጠራኋት። መጣች፤ ደጃፉ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት መሽቶብኛል አለች። ገና ስምንት ሰዓት ነው።

ልጅሽስ አልኳት።

«ደኅና ናት። ትማራለች።»

ሽማግሌዎቹስ ነገር?

«የምን ሽማግሌ?»

ፊቴን ትክ ብላ እያየች ነው ያለችው። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ድሮ ስትመጣ የምትዘጋው በር ወለል ብሎ ቀረ።

ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደወልኩ። የኮከቤ ልጅ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልመጣችም አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ነበር ያለችኝ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ ወር እንኳ አልቀረውም።