ወይራ ወይራ የሚል ቢራ

ቅዳሜ

ቢራ በየግሮሰሪው ሞልቶ ተርፎ እያለ ቤት ውስጥ መጥመቅን ምን አመጣው? ዛሬ ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ሥራ ፍለጋ ነዋ! በኬሚካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ሲቪ ያላስገባሁበት ደጅ የለም። ባለፈው ሳምንት ግን ሲኤምሲ አካባቢ የራሱን ቢራ የሚጠምቅ ቤት ሊከፍቱ ያሰቡ ሰው አገኘሁ። ጋሽ ይልማ ይባላሉ። "ወረቀትህን ተወውና አሜሪካኖች የሚጠጡትን ዓይነት ቀለል ያለ ንጹህ ላገር ቢራ ጠምቀህ አምጣ። ከወደድኩት የጠማቂው ረዳት አንተ ነህ" አሉኝ። አራት ሳምንት ሰጡኝ።

ቀላል የሚባለው ቢራ ነው ከባዱ። ጥቁሩ ጥፋት ይሸፍናል። ይሄኛው ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ጠብ ያለችበት ሁሉ ይታያል።

ያለኝ፦ ከቦሌ ሚካኤል የገዛሁት የገብስ ብቅል። የበቆሎ ቅንጬ። እፍኝ የማትሞላ ሆፕ። የላገር እርሾ፣ አንድ ፓኬት። አንድ! የጓደኛዬ የሮቤል እህት ከውጭ ስትመጣ የያዘችው ነው፤ እዚህ ፈልጌ አጣሁ።

የቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ኩሽና ለሁለት ጠማቂ አይበቃም። ያሳደገችኝ አክስቴ እቴቴ ለማኅበሯ ጠላ ትጠምቃለች፣ እኔ ቢራ። በቆሎውን ቀቅዬ ከብቅሉ ጋር ሳማስል፣ "ኢንጂነር፣ ገንፎው ቅቤ አይፈልግም?" አለችኝ። ሆፑን አሽትታ፣ "የፈረንጅ ጌሾ! አምስት ዓመት ያስተማርኩህ ለዚህ ነው?" ሁለታችንም ሳቅን።

ተጣርቶ፣ ከሆፑ ጋር ፈልቶ አበቃ። ቶሎ መቀዝቀዝ ስላለበት፣ መጥመቂያ ቢዶኔን በፈላ ውሃ አጥቤ ከፍቼ ትቼው በረዶ ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ በወይራ ጭስ ታፍኗል። እቴቴ ጋኗን እያጠነች ነበር። አቀዘቀዝኩት፣ ቢዶኑ ውስጥ ገለበጥኩት፣ እርሾዬን በተንኩበት። ከደንኩት።

እሑድ

መብራት የለም። ላገር ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ያደረግኳቸው የውሃ ፕላስቲኮች ደግሞ ቀልጠዋል። ቢዶኑን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አቁሜ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለልኩት። አንድም አረፋ የለም። እርሾው ሞቶ ይሆን? በየአስር ደቂቃው ጆሮዬን እለጥፋለሁ። "እንዳረገዘች ሴት አታስጨንቀው" ትላለች እቴቴ።

ሰኞ

ብልቅ። አንድ። ከዚያ ሌላ። ብልቅ ብልቅ! መብራትም መጣ። ለሮቤል ደውዬ በስልክ አሰማሁት። "ወንድሜ፣ ለውሃ ድምፅ ነው የደወልክልኝ?" አለኝ። ግድ የለኝም።

ሐሙስ

አለቀልኝ።

ለመቅመስ ትንሽ ቀዳሁ። ቀለሙ ገለባ የመሰለ፣ ልክ እንደተመኘሁት። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ወይራ። ቀመስኩት፣ ወይራ! ሌላ ብርጭቆ አጥቤ ቀዳሁ። ያው ነው።

"እቴቴ፣ ቢዶኔን ነክተሽዋል?"

"ሳታጥነው ወጣህ እኮ! እኔው አጠንኩልህ፣ ደህና አድርጌ። ያልታጠነ ዕቃ ይዘህ ሰው ፊት ልትቀርብ? ምን ልባል ነው እኔ?"

ደስ ብሏት ነው የምትናገረው። ምስጋና እየጠበቀች። ምን ልበላት? በሯን ዘግታ ስታለቅስ ከምሰማ ብዬ "እግዜር ይስጥሽ" አልኩና ወጣሁ። እስከ ቦሌ ሚካኤል በእግሬ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ ክፍት የተውኩት ቢዶን ተከድኖ ቆይቶኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳን አላሸተትኩም። ይሄ ነው ጠማቂ?

ዓርብ

ከአልጋ አልወረድኩም። ብቅል ይገዛል፣ በቆሎ ይገዛል፤ ሆፕም ግማሹ ተርፎኛል። እርሾ የለም። ለጋሽ ይልማ ምን እላለሁ? እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ "ሥራው እንዴት ሆነ?" ስትለኝ ኔትወርኩ እንደተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆንኩ።

ቅዳሜ

ሮቤል አፉ አያርፍም፣ ያጫወትኩትን ሁሉ ነገራት። እቴቴ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን አልነገርከኝም? ይህን ያህል ክፉ ነኝ?"

"እቴቴ፣ ምን ይረባል? እርሾው አንድ ብቻ ነበር፣ አለቀ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እርሾ ያልቃል እንዴ?"

"እ?"

"ከሥሩ ተቀምጦልህ የለ! እኔ የሊጥ እርሾ ገዝቼ አውቃለሁ? ካለፈው እየተረፈ ስንት ዓመት! ይሄን ነው ያላስተማሩህ?"

አስተምረውኝ ነበር። ተፈትኜበታለሁም። የፈረንጅ ፓኬት ሳይ ጠፋብኝ።

ቢራው ፍላቱን ሲጨርስ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ዝቃጩን ወስጄ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ አጥባለሁ። የወይራው ሽታ ከእርሾው ይለቅ አይለቅ አላውቅም። ካልለቀቀ በቃ። ቢለቅም አራቱ ሳምንት አይበቃኝም። እቴቴ ቢዶኑን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥባለሁ ብላ ምላለች፤ ወይራዋንም ጎረቤት ወስዳ አስቀምጣለች።

ለጋሽ ይልማ አሁን የላክሁት ይሄ ነው፦

"ጋሽ ይልማ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመጀመሪያው ቢራ ተበላሽቷል። ዕቃው በወይራ ታጥኖ ነበር፣ ሳላሸት ገለበጥኩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርሾው ግን በሕይወት አለ። ሦስት ሳምንት ቢጨምሩልኝ እንደገና እጠምቃለሁ። እስከዚያ ጥፋቴን መቅመስ ከፈለጉ ቡልቡላ ብቅ ይበሉ፤ አክስቴ ቀምሳው 'ይሄ ጠላ መሆን ያፈረ ጠላ ነው' ብላለች። እሺም ይሁን እምቢ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ።"