ሠላሳ ሰባት ፊርማ

ማክሰኞ፣ በወሩ አሥራ ሁለተኛው ቀን
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ለምወድህና ለምሳሳልህ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያቺ ሳል ለቀቀችህ? እኛ ደህና ነን፤ ቢያንስ ሐኪም የሚያስጠራ ነገር የለም። ወደ ጦር ሰፈራችሁ የሚመጣው ሾፌር ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚነሳ ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ። ደብዳቤውን አልወስድም ካለኝ ደግሞ እኔው ራሴ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ እመጣለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነስታኛለች። «ጓደኛዬ ሰማይ ላይ ቢመታ አባዬ ያደረገውን አደርጋለሁ» ብለሃል። የአባትህ ሥዕል ታትሞ ሲያልቅም ቁጥር አንዱ ቅጂ እንዲላክልህና ከአልጋህ በላይ እንድትሰቅለው ጠይቀሃል። ሥዕሉን አልልክልህም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ደብዳቤህ የደረሰን ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነው። አባትህ አንብቦ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ወዲያው ሠዓሊው ሁለት መቶ ሃምሳውን ቅጂ በጠፍጣፋ ሣጥኖች አስጭኖ መጣ። የጦር አውሮፕላን ሥዕል የሚሰበስቡ ሰዎች አብራሪው ራሱ በእርሳስ ካልፈረመበት ዞር ብለው አያዩትም አሉ። የሳሎኑን ጠረጴዛ ወልውዬ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩበት፤ አባትህም እጁን ሁለቴ ታጥቦ ተቀመጠ። የኔ ሥራ በየቅጂው መሀል ያለችውን ስስ ወረቀት ማንሳት ነበር።

ሥዕሉ ያምራል፤ አልዋሽህም። አንዱ ጄት እየጨሰ ዝቅ ብሏል፤ ያ አጎትህ ነው፣ ወንድሜ ሳቂታው። ከበላዩ አርባ አንድ ቁጥር፣ የአባትህ አውሮፕላን፣ በተኩሱ መሀል ዞሮ ሊሸፍነው ይመለሳል። ከሥሩ «ጓዱን ያልተወ» ይላል። አንተ ይህን ታሪክ እየሰማህ ነው ያደግከው። እኔ ደግሞ አባትህ ገና እጮኛዬ ሳለ ነው የሰማሁት። ወንድሜ ብቻውን አልሞተም እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ተጽናናሁበት።

አባትህን ታውቀዋለህ፤ ነገር ዓለሙን ትቶ መጀመሪያ ስህተት ፍለጋ ገባ። «ይቺ አንቴና ወደ ኋላ ነበረች። ጎማው የሚገባበት በርም ከዚህ ይጠባል» እያለ ሠዓሊውን አላበው።

ሠዓሊው እየሳቀ፣ «ኮሎኔል፣ ታትሞ አልቋል እኮ። ሌላ የተሳሳትኩት ካለ ግን ይንገሩኝ» አለው።

አባትህ እርሳሱን አነሳ። መፈረም ጀመረ።

ሠላሳ ሰባተኛውን ፈርሞ እርሳሱን አስቀመጠ። ደክሞት መስሎኝ ውሃ ላመጣለት ብነሳ «ተቀመጪ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሠዓሊው ዞሮ፣ «አልተመለስኩም» አለው።

«ምን አሉኝ፣ ኮሎኔል?»

«አርባ አንድ ቁጥር ሊሸፍነው አልተመለሰም። ነዳጄ ከግማሽ በታች ቢሆንም መመለስ እችል ነበር። እሱ በሬዲዮ ‹አትምጣ፣ አንተ እንኳ ግባ› አለኝ። ገባሁ። ሳርፍ አዛዡ ትከሻዬን ይዞ ‹ተመልሰህ ሸፈንከው አይደል?› አለኝ። ዝም አልኩ። በማግስቱ ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጥረው ሪፖርት ጻፉበት፤ በወሩ ሜዳሊያ ሰጡኝ።»

ይህን ሁሉ ሲናገር አንዴም ወደኔ አላየም። እኔ ስስ ወረቀቷን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ምስኪኑ ሠዓሊ «እስቲ አሳታሚውን ላነጋግረው» ብሎ ሣጥኖቹን ጥሎ ወጣ። ደብዳቤህ ያን ቀን ባይደርስ ኖሮ አባትህ ሁለት መቶ ሃምሳውንም ይፈርም ነበር፤ እንደዚያ ነው የማስበው።

ተናድጃለሁ፣ ልጄ፤ አልደብቅህም። እስከ ትናንት ምግቡን አቀርብለታለሁ እንጂ ቃል አልተነፈስኩለትም። እኔ እኮ ያገባሁት ለወንድሜ ስለተመለሰለት ነው፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሠላሳ ሰባቱን ፊርማ ራሱ በላጲስ ሲያጠፋ አየሁት። እርሳሱ ለቀቀ፤ ወረቀቱ ላይ የተጫነው ግን አልጠፋም፤ ወደ መስኮቱ ስታዘነብለው ስሙ ይነበባል። እያዘነበለ አንድ በአንድ ሲያያቸው አንጀቴን በላው። ለእሱ ማዘኔም ራሱ አናደደኝ።

ትናንት ደብዳቤህን ይዞ ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

«ጻፊለት» አለኝ።

«አንተ እጅ የለህም?»

«እኔ ብጽፍለት ፈሪ የመከረው ይመስለዋል። አንቺ ከጻፍሽለት ይሰማል። የሞተው ያንቺ ወንድም ነው።»

ደብዳቤህን ከእጁ ተቀበልኩት። ያን ቀን አባትህ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እቀብር ነበር፤ አንተም አትወለድም ነበር። ይህን ሳስብ ወንድሜን የከዳሁት መሰለኝና ማድቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እና እኔ፣ የሳቂታው እህት፣ ይኸው እልሃለሁ። ጓደኛህን ጥለህ ና ማለት አልችልም፤ አፌ አይታዘዘኝም። እዚያ ላይ ሆነህ የምታየውን እኔ እዚህ ሆኜ አላየውም። ግን ለሥዕል ብለህ አትሙት። አባትህ ያላደረገውን «አባዬ ያደረገውን» ብለህ እሳት ውስጥ አትግባ። አጎትህ የተናገራት የመጨረሻ ቃል «አንተ እንኳ ግባ» ናት፤ እኔም ከዚህ ሌላ የምልህ የለኝም። ሹራብህን ከውስጥ ልበስ፤ እንደደረሰህም ሁለት መስመር ጻፍልኝ።

የወጣህበት ሰማይ በሰላም ያውርድህ። ክፉ ዓይን አይይህ፣ ክፉ እጅ አይድረስብህ። ወጥተህ ግባልኝ።

የምትሳሳልህ እናትህ

ከዚህ በታች ያለችው የእርሳስ ፊርማ የአባትህ ናት። ሳልጠራው መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም አነበበ፤ አንድም ስህተት አላረመም። እርሳሱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።