ፍልሰታ በውቅያኖስ ዳርቻ

ሰኞ

የባሕር ውኃ መዋጥ ጾም ይገድፋል? ዛሬ መቼም ጥቂት ጉንጭ ሳልውጥ አልቀረሁም። ወድጄ አይደለም፤ ካይቱ ጎትቶ በአፍጢሜ ደፋኝ። ካይት የሚሉት በነፋስ የሚወጠር የክፍል ወለል የሚያህል ሸራ ነው። እሱ ሰማይ ላይ ሆኖ ይጎትትሻል፣ አንቺ ቦርድ በሚሉት ጣውላ ላይ ቆመሽ በውኃው ላይ ትንሸራተቻለሽ። ይህ እንግዲህ ለሚችል ነው።

ያለነው ኪሊፊ ነው። በጓደኛዬ በማስተዋል አሮጌ ቶዮታ ከሞምባሳ ተነስተን፣ ነፋስ ባገኘንበት እየቆምን እስከ ማሊንዲ እንሄዳለን። ማስተዋል የሞጣ ልጅ ናት፤ ኮሌጅ አንድ ዶርም ነበርን። ባሏ ዳዊት ደግሞ የቢቸና፣ የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። ያገናኘኋቸው እኔ ስለሆንኩ ኬንያ ድረስ ቢጋብዙኝ አይበዛብኝም። ዳዊት እዚህ ከመጣ ወዲህ በዚህ ጨዋታ አብዷል። ያውም የዓባይን በረሃ ስንወርድ መኪና ውስጥ ዓይኑን ይጨፍን የነበረ ሰውዬ!

እነሱ የማያውቁት ነገር አለ። እማዬ ሐሙስ ደብረ ማርቆስ የዓይኗን ሞራ ልትገፈፍ ነው። መንገድ እየተዘጋ ስንት ጊዜ ቀርቶባት፣ አሁን ከእኔ ጉዞ ጋር ገጠመ። ልቅር ስላት «አንቺ ሐኪም ነሽ? ወንድምሽ አለ፣ ሂጂ» ብላ ተቆጣች። መጣሁ። ግን ዓይኗን ገልጣ እስክታይ ድረስ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አልቀምስም ብዬ ለመርጡለ ማርያም ተሳልኩ።

ማክሰኞ

ዋታሙ። ጠዋት ማስተዋል የቀዳችልኝን ሻይ ዞር ስትል አሸዋ ላይ ደፋሁት። እሷ ከጥሉላት ከመጾም በላይ አልሄደችም። «መንገደኛ ነን እኮ» ትላለች። ዳዊት ዓሣ ሲጠበስ አይቶ «ምን አለበት፣ ከውኃ የወጣ ነገር» አለ። ሁለታችንም ዞር ብለን አየነው። ሩዝ በኮኮናት በላ።

የዛሬ ድል፦ ቦርዱ ላይ ቆሜ ሦስት ቆጠርኩ። የዛሬ ሽንፈት፦ አራት ሳልል ወደቅሁ። ጉልበቴ ተልጧል። ምላሴ ደርቆ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል፤ ይህን ሁሉ ውኃ እያየሁ።

የእማዬ ስልክ አይሠራም።

ረቡዕ

ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ቀትር ላይ ገባሁ። ፀሐዩ አናቴን ይመታል፣ ሆዴ ባዶ ነው። ድንገት ዓይኔ ጨለመ። ዳዊት «ሲጨንቅሽ የካይቱን መያዣ ዘንግ ልቀቂ፣ ይረግባል» ብሎ ደጋግሞ አስተምሮኛል፤ እኔ ጭራሽ ጨምቄ ያዝኩት። ካይቱ እየጎተተ ወሰደኝ። ማስተዋል ናት ዋኝታ ደርሳ በመንሳፈፊያ ጃኬቴ ያዘችኝ።

አሸዋው ላይ ዳዊት የኮኮናት ውኃ አፌ ላይ አስጠጋ። ጥርሴን ነከስኩ።

«ጠጪ እንጂ!»

«ዘጠኝ አልሞላም» አልኩ።

ማስተዋል ያን ጊዜ ገባት። «አስካል! ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነሽ?» ስለቴን ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። «ለእትዬ ዘውዴ የዓይናቸው ነገር አልበቃ ብሎ ሬሳሽን ልላክላቸው?»

ራሷ ለንስሐ አባቴ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ባሕር ስትዪ ጣና?» አሉኝ።

«አይ አባ፣ ትልቁ። ጨው ያለው።»

«እግዚኦ! ልጄ፣ እመቤታችን አንቺን በረሃብ ገድላ ለእናትሽ ብርሃን የምትሰጥ መሰለሽ? መንገደኛ ነሽ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ።»

የዋጥኩትን የባሕር ውኃም ጠየቅኋቸው። «አስበሽ ነው የዋጥሽው?» «አይ አባ።» «እንግዲያ ምን ትጨቀጭቂኛለሽ?» ብለው ባረኩኝና ዘጉት።

ፈቱኝ። ልቤ ግን እሺ አላለም። ነገ እኮ ሐሙስ ነው።

ሐሙስ

ከማስተዋል ጋር ተደራደርን። እስከ ዘጠኝ እቆያለሁ፣ ባሕር ግን አልገባም። ቁጭ ብዬ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። እሷም ቁርሷን ሳትነካ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንቺ ብዪ ስላት «እኔም የእትዬን ሽሮ በልቻለሁ» አለች። ተማሪ ሳለን ለእረፍት ቢቸና ቤታችን ትመጣ ነበር። ዳዊትን ግን ከመኪናው ኋላ ተደብቆ ሳምቡሳ ሲበላ ያዝነው። ከሳቅን ቆይተን ነበር።

ወንድሜ ጌታቸው ከሰዓት በኋላ ጻፈ፦ «ወጥታለች። ዓይኗ ታሽጓል። ነገ ይፈታል።» ይኸው ነው። ደህና ናት አይል፣ አይደለችም አይል። ድሮም ቃል ይሰስታል።

ፈርቻለሁ። እሷ ስትፈራ እጇን የሚይዛት እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እዚህ መምጣት አልነበረብኝም እላለሁ፣ ደግሞ ሂጂ ያለችኝ እሷ ናት እላለሁ።

ዓርብ

ማሊንዲ። አምስት ሰዓት ገደማ በቪዲዮ ደወሉ። ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል። እማዬ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ስልኩን ወደ ባሕሩ አዞርኩት። ዳዊት በቀይ ካይቱ እየበረረ ነበር።

«እማዬ፣ ይታይሻል?»

ዓይኗን አጥብባ ስልኩ ላይ ጎነበሰች። ጌታቸው «እዪው፣ ያውልሽ» ይላታል። ራሷን ወዘወዘች። ማስተዋል ክንዴን ጨበጠችኝ። በቃ፣ አልሆነም ብዬ ነበር።

«ውኃውን ተይውና ፊትሽን መልሺልኝ» አለች እማዬ።

መለስኩላት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? እዚያ አገር የሚበላ የለም እንዴ?»

ማስተዋል ስልኩን ተቀብላኝ «አበላታለሁ፣ እትዬ!» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ዘጠኝን ሳልጠብቅ ሩዝ በኮኮናት በላሁ፣ ሁለት ሳህን። ነፋሱ ሲነሳ ገባሁ። ወደቅሁ። እማዬ ነገ ልትደውል ነው፤ «ውኃው ላይ ቆመሽ ልይሽ» ብላለች። እኔ ደግሞ እስካሁን ከሦስት በላይ አልቆጠርኩም።