«ከሸፈ» ስለሚለው ቃል አገባብ ለጓድ ማዘንጊያ

ለተከበሩ ጓድ ማዘንጊያ፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ
ድሬዳዋ፣ ግንቦት 1970 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲበዛ፣ በዚህ ሙቀት ስለ እኛ ሲሮጡም ፀሐይ እንዳይመታዎ እመኛለሁ። በማታ ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠርኩዎት ተሻለች ነኝ። በቀበሌው ግድግዳ የለጠፉትን ማስታወቂያ በራስዎ እጅ መጻፍዎን አይቼ ኮርቻለሁ። ከአንድ ቃል በቀር ስህተት የለበትም፤ «የልብስ ሰፊው ሸረፈዲን የማምለጥ ሙከራ ከሸፈ» ይላል።

1ኛ. ሙከራ እንዲከሽፍ መጀመሪያ መሞከር አለበት። ሸረፈዲን በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ፣ ሽርጥ ለብሶ ባዶ እግሩን የተማሪ ልብስ ይሰፋ ነበር። ተነስ ሲሉት ተነሳ፤ ተንበርከክ ሲሉት ተንበረከከ።

2ኛ. የሚከሽፈው ጥይት ነው። ሽጉጥዎን ግንባሩ ላይ ደግነው ቃታውን ሲስቡ ቀጭ ብሎ ቀረ፤ እሱ ከሸፈ ይባላል። ሸረፈዲን ዓይኑን ገልጦ «ጓድ፣ አላህ አልፈቀደም፤ ልነሳ?» አለዎት። ሽጉጡን ዝቅ ሲያደርጉ ስላየሁ ይምሩታል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን አብሮዎት የነበረውን ጥበቃ ጠመንጃ ነጥቀው ተኮሱ። ከወደቀ በኋላም ደገሙለት። ሚስቱ ማርያን የተበተነ ጭንቅላቱን በሻሿ ስትሰበስብ በጫማዎ ጥርሷን አራገፉላት፤ ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ሰፈሩ በሙሉ ያመሰግናል።

3ኛ. ጠመንጃውን ሲነጥቁ እኔም ሮጬ መጥቼ በመካከላችሁ ቆሜ ነበር። «እትዬ፣ ዞር በይ!» ብለው በሰደፍ ቀኝ ክንዴን ሰበሩት። ይህን በግራ እጄ ስለምጽፍ ለጽሑፌ መበላሸት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቃሉ በትክክል የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ተሻለች ሸረፈዲንን ለማዳን ያደረገችው ሙከራ ከሸፈ። ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንኑ ነው፤ ቀድሜ ብደርስስ ኖሮ እላለሁ።

ስለዚህ ጓድ፣ ማስታወቂያውን እንዲያርሙልኝ በትህትና እለምናለሁ። «ተገደለ» አራት ፊደል ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚጻፍም አስተምሬዎታለሁ።

ለማይደክመው ክንድዎ እጅ እየነሳሁ፣

የቀድሞ አስተማሪዎ
ተሻለች ክፍሉ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጮች በባቡር ጣቢያው በርና በገበያው አጥር ላይ ለጥፌአለሁ። የዘገየሁት ማርያን ልጆቿን ይዛ ጅቡቲ እስክትገባ ነው፤ ትናንት መግባቷን ሰምቻለሁ። እኔ እቤቴ ነኝ። በሩ ክፍት ስለሆነ አይስበሩት።