ጠጋ ይበሉ

ጥቅምት 4
ሮቤ ዛሬም በረዶ ናት። በሩን ሳልከፍት ገበሬው ተሰልፎ ጠበቀኝ። ሁሉም ጉልበት፣ ሁሉም ወገብ... የክሊኒኩ ሰው በክፍሌ ይቀናል። «አዴ ጤቤ፣ እርስዎማ ምድጃዎ ሥር ነዎት» ይለኛል የመድኃኒት ክፍሉ አበበ። ሕመምተኛ የማሞቅበት ማሽን ማይክሮዌቭ ነው ይላሉ። ያኛው ምግብ ያሞቃል፣ ይሄኛው ሰው። መቆሚያው ከተሰበረ ወዲህ ሙቀት የሚተፋውን ጫፉን በእጄ ይዤ ጉልበታቸው ላይ አጎነብሳለሁ። ኃላፊያችን ኃይለየሱስ ሲያስተምረኝ «ጠጋ ይበሉ፣ ቆዳው እንዳይቃጠል በደንብ ይዩ» ነበር ያለኝ። ጠጋ አልኩ። ስንት ዓመት...

ዛሬ ከአጋርፋ የመጡ ሽማግሌ የሚያማቸውን ሲያሳዩኝ አላየሁም። ማሽኑን በሌላኛው ጉልበት ላይ ያዝኩ። «ልጄ፣ ይሄኛው ደህና ነው፤ አታስለምጂው» አሉኝ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 9
ጎባ ሄድኩ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ። ሞራ ነው። በሁለቱም።

«ዕድሜ ነው፣ እናቴ» አለ።

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው! ራሴን ሲያዞረኝ እርጅና አሉኝ። እንቅልፍ ሲጠፋኝ እርጅና። አሁን ደግሞ ዓይኔ። ስለ ማሽኑ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«እንደዚያ ያለ ሙቀት፣ በዚያ ቅርበት፣ ለረጅም ጊዜ... ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ግን የእርስዎ ከዚያ ነው ብዬ መማል አልችልም።»

ዕድሜ ነው ብሎ ሲምል ግን ማን ከለከለው?

ጥቅምት 10
ኃይለየሱስ በዕድሜ ሊያሰናብተኝ ነው። ከሥራው የመጣ ከሆነ ማሳከሙ የክሊኒኩ ነበር። ዕድሜ ከሆነ... ደህና ሁኚ። ከነጨለማሽ።

ፊደል የቆጠርኩት አርባን አልፌ ነው። አሁን የገዛ ጽሑፌ ጭጋግ ውስጥ ይገባብኛል። ለዚህ ነበር የተማርኩት?

ጥቅምት 13
እህቴ ሙሉካ ከጎሮ መጣች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ባጃጅ ውስጥ አንዷ «እናትሽን ደገፍ አድርጊያቸው እንጂ!» አለቻት። እናት የተባልኩት እኔ ነኝ። ሙሉካ በሳቅ ልትሞት።

ቤት ገብተን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ሲለኝ ቀማችኝ። ባንዴ ሰካችው። ያን ጊዜ አየችኝ። ሳቋም ጠፋ።

ጥቅምት 15
ሙሉካን ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«ይቺ ታላቄ ናት፣ አቶ ኃይለየሱስ። ዓይኗን ይዩት። ዕድሜ እሷን ለምን ረሳት?»

«ሰው ይለያያል፣ እናታችን።»

ሙሉካ ተነሣች። «ልጄ፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል። እህቴ አታይም። ማሽኑን አንተው ያዝልኝ።»

እንቢ ማለት አፈረ። ክፍሌ ገባን። ማሽኑን አበራ። ክንዱን እስከቻለ ድረስ ዘረጋ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፊቱን አዞረ!

«ጉልበቴ ወዲህ ነው፣ ልጄ» አለችው ሙሉካ።

ያውቃል። ሲያውቅ ኖሯል። እኔን ግን ጠጋ ይበሉ...

ጥቅምት 18
ክሊኒኩ ከሥራው ነው ሳይል «በደግነት» ሊያሳክመኝ ነው አሉ። በደግነት! አልፈልግም ልበል? ዓይኔን ለእልኬ ልስጥ? አልሰጥም። እሄዳለሁ። አላህ ይስጥልኝ ግን ከአፌ አይወጣም።

ኅዳር 20
ቀኝ ዓይኔ ተሠራ። አልሀምዱሊላህ። ግራው ይቀራል።

ዛሬ ኃይለየሱስ ሠራተኛውን ሰብስቦ ሸኘኝ። ጋቢ አለበሱኝ። ኃይለየሱስ ከወረቀት ማንበብ ጀመረ። «እናታችን ዕድሜ ቢጫናቸውም...»

«ዕድሜ አይደለም» አልኩ። «አንተ ፊትህን ታዞራለህ። እኔን ግን ጠጋ ይበሉ አልከኝ።»

አንተ አልኩት። በሰው ፊት። አበበ ለስላሳውን አፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠ። ኃይለየሱስ ወረቀቱን አገላበጠ። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ዙሀይራ ከኋላ ተነሣች። ገና ወጣት ናት።

«እኔስ ማሽኑን ስይዝ የት ልቁም?» አለች።

ኃላፊዋ እሱ ነው። የጠየቀችው ግን እኔን ነበር።