የገበያው ቤት ቅስቶች

ለውድ እህቴ ለኑዋላ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የፐርዝ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቁጣዬም እንዳለ ነው። እናታችንን ሳሉ ለቋታል፤ ዛሬ ተነሥታ ሻይ አቀጠንክ እያለች ስትወቅሰኝ ዋለች።

አደባባዩ ላይ ያለውን የገበያ ቤት ኮርማክ ዴቫኒ ገዝቶታል፤ ያ የቤት ሥራሽን ይገለብጥ የነበረው። ለበጋ እንግዶች የሚከራዩ ክፍሎች ሊያደርገው ፈቃድ ጠይቋል። የማመልከቻውን ማስታወቂያ መንገደኛ በሚያነብበት ቦታ መስቀል ሲገባው ጓሮ በር ላይ፣ ሐረግ ውስጥ ሸሸገው። ሐረጉን ገልጬ ፎቶ አነሣሁና ለከተማው ምክር ቤት ላክሁ፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። አሁን እንደገና አመልክቶ፣ ደግሞ ያመለከተ ሰው የሚለጥፈውን ቢጫ ማስታወቂያ ፊት ለፊት ለጥፏል። ለመቃወም አራት ሳምንት ቀርቶናል።

ቤቱ ሥራ መቀየሩን አልጠላም። ሥሩ፣ በክፍቶቹ ቅስቶች መካከል፣ ቅቤና እህል ሲመዘንበት፣ ፎቁ ፍርድ ቤት፣ ኋላም የዳንስ አዳራሽ ነበር። የሸሚዝ ፋብሪካው መጥቶ ቅስቶቹን በጡብ እስኪደፍናቸው ድረስ፣ ዝናብ የያዘው ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠለልባቸው ነበር። ተከፍተው ለከተማው እንዲመለሱ እፈልጋለሁ። ዴቫኒ ግን "ቅስት የሚባል አልነበረም፤ ግንቡ የጥንት ነው" ብሎ ጽፏል!

ሥጋ ቤት አግኝቶኝ፣ "ማላኪ፣ አንተ ድንጋይ ካላቀፍክ እንቅልፍ አይወስድህም?" ብሎ በሰው ፊት አሳቀብኝ። ለእናታችን ብነግራት፣ "እናቱ እዚያ ቅቤ ስትሸጥ ግንቡን ሰንጥቃ ነበር የምትገባው? ጠይቅልኝ" አለች። እዚያው ሥጋ ቤት ዳግመኛ ሳገኘው ጠየቅሁት፤ ሥጋውን ሳይቀበል ወጣ።

የምክር ቤቱ ሠራተኛ ግን ትዝታ አይበቃም፣ ማስረጃ አምጣ ብሎኛል፤ ልክ ነው። ወፍጮ ቤቱ እንዳይፈርስ በተቃወምኩ ጊዜ፣ ጽሑፌን ሳሳምር የማቅረቢያው ቀን በሁለት ቀን አለፈብኝ፤ ፈረሰ። ያ አይደገምም።

የሠርግሽ ቀን ዝናቡ ሲወርድ ሁላችንም እዚያ ሥር ገብተን የተነሣነው ፎቶ አንቺ ዘንድ ነው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ በፈጣን ፖስታ ላኪልኝ። የቀድሞ ባልሽን ብሬንዳንን በመቀስ ቆርጠሽ እንዳወጣሽው አውቃለሁ፤ ቅስቱን ካልነካሽው ይበቃኛል።

ልጅሽን ኦሺንን ሳሚልኝ፤ ለሚስቱ ለካረን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ትንሿን ልጃቸውን ኤመርንም፣ ሌላው ቢሳሳት የአባትሽ አጎት ስምሽን በትክክል ይጽፋል በያት። እናታችን ጉንጭሽን ስማለች። አንቺም ለበጋ ስትመጪ ጃንጥላ አትያዢ፤ ቢዘንብ ቅስቶቹ አሉልሽ።

ወንድምሽ ማላኪ
ባሊኮራን፣ አየርላንድ
ማርች 12 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.