ከእህቴ አድራሻ አጠገብ ስለተጻፈው ማስታወሻ

ለተከበሩ የበይነ መረብ ጨረታ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከጥቃቱ ወዲህ ተገዝተው ለገቡላችሁ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ሰርጎ ገቦች ፋይሎቻችሁን ቆልፈው ማስለቀቂያ ገንዘብ እንደጠየቋችሁ የሰማሁ ጊዜ ከልቤ አዝኜላችሁ ነበር። ሐዘኔ የቆየው ግን ገንዘቡን የከለከላችኋቸው ሌቦች የደንበኞቻችሁን ዝርዝር ለዓለም እስኪዘረጉት ድረስ ነው። ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ታናሽ እህቴ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ፣ ከልጇ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሱሪ እያሳጠረችና ዚፕ እየቀየረች ራሷን ለመቻል ከእናንተ ጨረታ አሮጌ የስፌት መኪና ገዛች። ዕቃው ቤቷ እንዲደርስላት አድራሻዋን ስትሰጥ፣ ባሏ ያለችበትን እንዳያውቅ ሠራተኛችሁን አደራ አለቻት። ሠራተኛችሁም፣ እንዴት ያለች ቅን ልጅ ናት፣ ነገሩ እንዳይዘነጋ ከአድራሻው አጠገብ «ከባሏ ተደብቃ ነው የምትኖረው፤ ለማንም እንዳይነገር» ብላ ጻፈችበት። ፈላጊዋ በከንቱ እንዳይንከራተት ስላሰባችሁለት እናመሰግናለን።

፪. ዝርዝሩ መውጣቱን እህቴ የሰማችው ከእናንተ አይደለም፤ በሯን ሲደበድብ ከነበረው ከባሏ ነው። ማስታወሻችሁን ከስልኩ ላይ እየጮኸ ለጎረቤት ሁሉ ያነብብ ነበር። እናንተ እሱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ አንዳችም የደንበኛ መረጃ እንዳልወጣ ገልጻችሁ፣ እንድንረጋጋ መልእክት ልካችሁልናል፤ እኛም አምነን ተረጋግተን ነበር። የበሩን ቁልፍ የገጠምኩላት እኔ ስሆን፣ ጎረቤቶች ደርሰው እስኪያባርሩት ድረስ እንደምንም ያዘ። ልጇ ግን ዛሬም በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ትገባለች።

፫. ሌላ ቦታ ስናሸሻቸው የስፌት መኪናውን መሸከም አልቻልንም። እህቴ አሁን ሥራ የላትም፤ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግታ ትቀመጣለች። በድጋሚ እንዳያገኛት እፈራለሁ፤ ክቡርነትዎ፣ ይህን የምጽፈውም በአዲሱ በራቸው ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ገጥሜ ስጨርስ ነው።

አደራን በጽሑፍ አስፍሮ የማስቀመጥ ልማዳችሁን ከሩቅ፣ ቢቻል እናንተ ከማትደርሱበት ርቀት እያደነቅሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የደንበኛችሁ ታላቅ ወንድም፣ ቁልፍ ቀራጩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የይቅርታ መልእክታችሁ ትናንት ለእህቴ ደርሷታል። ለወደፊት ደኅንነቷ ሲባል አዲሱን አድራሻዋን በአስቸኳይ እንድታሳውቃችሁ ጠይቃችኋል። ይህን አድራሻ እንዲህ አጥብቆ የሚፈልግ ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእሱም አልነገረችውም።